ራቭ ፎሬ ስትታጠፍ ትይዛለች፣ የኋላውን ዘንግ ላስፈታው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምነዳት የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር ናት፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትሄደው። በቅርቡ ፓርክ ላደርግ መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዘው የእጅ ፍሬን እንደተያዘባት ነገር መሆን ጀመረች፣ ነዳጅ ካልሰጠኋት ቆማ ትቀራለች፣ ስሰጣት ደሞ ዘለል ዘለል እያለች ነው፣ ጎማውም አስፋልቱ ላይ ይንጫጫል። የሚገርመው የሰፈራችን ኮረኮንች ላይ ምንም የለባትም። ከዛ በፊት ያደረግኩት ነገር ቢኖር የፊት ሁለቱን ጎማ በአዲስ ማስቀየር ብቻ ነው። አንድ ጋራዥ «ሰንተር ዲፈረንሻሉ እየሞተ ነው፣ እሱ ውድ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅሙን ዘንግ እናውጣልሽና በፊት ጎማ ብቻ ንጂ፣ ነዳጅም ይቆጥብልሻል» አሉኝ። ሌላኛው ዘይት ቀይሪ በቃ አለኝ። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ልሄድባት አስቤ ነበር፣ ምን ይሻለኛል? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዘንጉን እንዳታስፈቺ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ያንቺዋ በፈረንጅ ከ2000 እስከ 2005 የተሰራችው ሁለተኛዋ ራቭ ፎር ናት፣ ካምቢዮው ጋ አብሮ ሰንተር ዲፈረንሻል አላት። መኪና ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል መንገድ አይሄዱም፣ የፊቶቹ ሰፋ ያለ ክብ ነው የሚሰሩት፣ ስለዚ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ነገር መሃል ላይ መኖር አለበት፣ ሰንተር ዲፈረንሻል የሚሉት እሱን ነው። ዲፈረንሻል ግን አንድ አመል አለው፣ ጉልበቱን ሁሌ ወደቀለለው በኩል ነው የሚለቀው፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ለዚ ነው ቪስኮስ ካፕሊንግ የሚባል የታሸገ ዕቃ የተጨመረበት፣ ውስጡ ብዙ ስስ የብረት ሳህኖችና ሲሊኮን ፈሳሽ አለ፣ የፊትና የኋላው ፍጥነት በጣም ሲራራቅ ፈሳሹ ይሞቅና ያያይዛቸዋል፣ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ደሞ ይለቃል። አርጅቶ ብዙ ሙቀት ሲበላ ግን እሳት ላይ እንደተረሳ ሽሮ ይወፍርና መልቀቁን ይተወዋል። ያንቺም መኪና ስትታጠፍ የምትይዘው በዚ ይመስላል፣ ኮረኮንች ላይ የማይታወቅሽ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ስለሚያስታርቀው ነው።

እንግዲ ዘንጉ ወጣ እንበል። በኋላ በኩል የሚቋቋም ነገር የለም ማለት ነው፣ ዲፈረንሻሉም እንደ አመሉ ጉልበቱን ወደዛ ባዶ በኩል ያፈሰዋል። ቪስኮሱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ወይ አትነቃነቅም ወይ እየተጎተተች ሄዳ ቪስኮሱን ታቃጥለዋለች። አሁን ግን ያንቺው ስለደረቀ ዘንጉ በወጣ ቀን ምን የመሰለ ነው የምትሄድልሽ፣ መካኒኩም «አየሽ አይደል?» ይልሻል። ሆኖም የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በዛች በታመመች ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የምትነጂው፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ለቀቅ ስታደርግ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ሰዎቹ ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል፣ በ2006 ሞዴል የመጣው ሦስተኛው ራቭ ፎር በኤሌክትሪክ የሚያዝ ካፕሊንግ ነው ያለው፣ ሰንተር ዲፈረንሻል የለውም፣ እሱ ላይ ዘንጉ ቢወጣም በፊቱ ይሄዳል። ከሱ ጋ አምታተውት ይሆናል።

ዘይት ቀይሪ ያለሽም ግማሽ እውነት ነው። የካምቢዮውን ዘይት ቀይሪው፣ አይጎዳም፣ ሲፈስም ቆመሽ እይ፣ የማፍሰሻው ማግኔት ላይ ስስ የብረት ዱቄት ቢኖር የእድሜ ነው፣ የማርሽ ጥርስ ስባሪ ካለ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ቪስኮሱን ግን አያድነውም፣ የሱ ፈሳሽ ለብቻው ታሽጎ ነው ያለው፣ ካምቢዮ ዘይት አይደርስበትም።

እኔን የያዘኝ እንደዋዛ ጣል ያደረግሻት የጎማ ነገር ናት። በጎማ ዋጋ ምክንያት ሁለት ሁለት እያሉ መቀየር ልማዳችን ነው፣ በፊት ብቻ ለምትጎተት መኪና ችግር የለውም፣ ለዚችኛዋ ግን ነቀርሳዋ ነው። ሒሳቡን እንይ። ጎማሽ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር 215/70 አር 16 ከሆነ አዲሱ ዲያሜትሩ ወደ 707 ሚሊሜትር ነው። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የኋላዎቹ 3 ቀርቷቸዋል እንበል፣ የዲያሜትር ልዩነቱ 10 ሚሊሜትር ሆነ፣ ትንንሾቹ በየኪሎሜትሩ 6 ዙር ገደማ ተጨማሪ ይዞራሉ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ነው፣ ከ800 ዙር በላይ! ቀጥ ባለ መንገድ፣ ምንም ሳትታጠፊ፣ ቪስኮሱ ያን ሁሉ እየፈተገ ሲሞቅ ነው የሚደርሰው። እንዳንቺዋ በአራቱም ጎማ የሚሄዱ መኪኖች የሚሰራው ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መሃል የሚፈቅደው ልዩነት 6 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ከዚ ተረጂው።

ስለዚ መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሂጂ። የአራቱም ቁጥር አንድ መሆኑን አይተሽ፣ ንፋሱን በሩ ላይ በተለጠፈው ልክ አስተካክለሽ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር የእያንዳንዱን ዙሪያ ለኪ፣ ነፃ ነው። ከተለያዩ እኩል ያለቁ አራት ጎማ ከዘመድም ቢሆን ተውሰሽ (ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ) ገጥመሽ ሞክሪያት። ነገሩ ከጠፋ እሰይ፣ አራት አንድ አይነት ጎማ ገዝተሽ ትገላገያለሽ። ካልጠፋ ቪስኮሱ አልቋል ማለት ነው። መካኒኩ እንዲያረጋግጥልሽ ደሞ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ያንሳውና በረጅም ቁልፍ ያዙረው፣ ከብዶ ቀስ እያለ ከዞረ ደህና ነው፣ ጭራሽ እምቢ ካለ ደርቋል። ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፊት አክስል መገጣጠሚያ ነው እልሽ ነበር፣ ከፍጥነት ጋ የሚጨምር ሁምታ ቢሆን ኩሽኔታ፣ ያንቺ ግን ሁለቱንም አይመስልም። ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ ቪስኮሱ ሴንሰር የለውም።

ማስጠገኑን በተመለከተ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ታገኚ ይሆናል፣ ግን ያገለገለ ቪስኮስ የማን ጎማ ላይ እንዳረጀ አይታወቅም፣ ከመክፈልሽ በፊት መካኒክሽ በእጁ አዙሮ ይይልሽ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ነገር አይወራም። ግን የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ያለሽን ጠብቆ መያዝ ነው የሚያዋጣው። እስከዛው ከተማ ውስጥ ለአጭር ለአጭሩ ንጂያት፣ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪ እስከ መጨረሻ አትጠምዝዢ፣ ብትቆምብሽ የፊቱን አንስተው በኋላ ጎማዋ እንዳይጎትቷት፣ ሎቤድ (መኪና የሚጭን ካሚዮን) ላይ ትጫን። ለፋሲካ በአውቶብስ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ እኔ አውሮራ ኮሎራዶ ነኝ። የ2002 ሱባሩ ፎሬስተር አለኝ፣ ኦቶማቲክ፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ስዞር ልክ እንደዛው ይይዛል። አንድ ሐበሻ ጓደኛዬ ኮፈኑ ስር አንዲት ፊውዝ ሰክተህ በፊት ጎማ ብቻ ንዳ አለኝ። ላምነው?

መልስ፦ እመነው፣ ያንተ ሌላ ነው። ማንዋል ካምቢዮ ያለው ሱባሩ ሰንተር ዲፈረንሻልና ቪስኮስ ነው፣ እንደ እህታችን መኪና፣ የዛ ዘመን ኦቶማቲክ ግን ካምቢዮው ጫፍ ላይ በዘይት ግፊት የሚጨመቅ ክላች ነው ያለው፣ ፋብሪካው ራሱ ለማጥፊያ ቦታ ትቶለታል። ኮፈኑ ስር ኤፍ ደብሊው ዲ (FWD፣ በፊት ጎማ ብቻ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ የፊውዝ ቦታ ፈልግ፣ ፊውዝ ስትሰካ ዳሽቦርድ ላይ ያው ኤፍ ደብሊው ዲ የሚል መብራት ይበራል። ከዛ ዞር ዞር በልባት። መያዟን ከተወች ክላቹ ይለቃል ማለት ነው፣ ችግሩ ትእዛዝ በሚሰጠው በኩል ነው፣ ከጎማህም ሊሆን ይችላል፣ ለካው። ፊውዙ ገብቶም ከያዘች የክላቹን የዘይት ግፊት በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዱቲ ሲ የሚሉት ሶሌኖይድ ሞቷል ወይ ክላቹ ተበልቶ ተጣብቋል፣ ሁለቱም የካምቢዮውን ጭራ ማስፈታት ይፈልጋል፣ ሙሉ ካምቢዮ ቀይር የሚልህ ካለ ሌላ ጋራዥ ጠይቅ። በረዶ ሲጥል ፊውዙ ውስጡ እንዳለ አትርሳው፣ የኋላ ጎማህ አያግዝህም።