የመኪና ጥያቄና መልስ፦ ስለ ጭስ ማውጫና ስለ ማርሚታ የጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከአንባቢዎች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚነሱ ናቸው። ጭቃና ዝናብ ሲበላው የከረመ ቱቦ በመስከረምና በጥቅምት ይበሳል፣ ይጮኻል፣ ይንጠለጠላል። ብዙዎቻችሁን ያሳሰባችሁ ድምፁ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስለ ድምፅ ምንም ያላማረረው ሹፌር ስለሆነ እሱን አስቀድሜዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጎንደር ደባርቅ የቤንዚን ሚኒባስ እነዳለሁ። ከማርሚታው (የጭሱን ድምፅ ከሚያፍነው ዕቃ) ኋላ ያለው ጭራ በዝገት ስላለቀ አስቆርጬዋለሁ፤ ድምፁ ብዙም አልተለወጠም። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ግን ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ ይላሉ፤ ልጆች ያስመልሳቸዋል። እኔ ጠመዝማዛው ነው እላቸዋለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መንገዱ የራሱ ድርሻ ይኖረዋል፤ ከወለቃ ወደ ኮሶዬ ሲወጣ የኋላ ወንበር ይበልጥ ያናውጣል። ነገር ግን ሕመሙ የመጣው ጭራው ከተቆረጠ ወዲህ ከሆነ፣ ራስ ምታቱም ከወረዱ በኋላ ቶሎ የማይለቅ ከሆነ ጭሱን ጠርጥር። መንገድ ያጥወለወለው ሰው ወርዶ ንፋስ ሲያገኝ ብዙ ሳይቆይ ይሻለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የገባበት ግን ንጹህ አየር እያገኘም ጋዙ በደሙ ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ «ጭስ አልሸተተኝም» ማለት ምንም ዋስትና አይሆንም። ኦክስጅንን የሚሸከመውን የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥቂት በጥቂት ቢገባም ቦታውን ይወርሳል። በዚያ ላይ አገራችን ደጋ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ጎንደር ላይ እንኳ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተርም አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን አሟጦ ማቃጠል ስለሚያቅተው ይህንኑ ጋዝ አብዝቶ ይተፋል።

መኪና ሲሄድ ከጀርባው አየር የጎደለበት ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱም በአቅራቢያው ያለውን ጭስ ወደ ራሱ ይስባል። ጭራው ከቦዲው ጠርዝ አልፎ ካልተነፈሰ ጭሱ ወለሉ ሥር ይጠራቀምና ባረጀ የበር ጎማ፣ በዛገ ወለል፣ ባገኘው ሽንቁር ሁሉ ይገባል። ከሁሉ የከፋው የጤፍ ኩንታል አላስዘጋ ሲል የኋላውን በር በገመድ አስሮ፣ ገርበብ አድርጎ መሄድ ነው። ሰው ንፋስ ይገባልናል ብሎ ያስባል፤ የሚገባው ግን ጭስ ነው።

እባክህ ጭራውን ዛሬውኑ አስቀጥል፤ ከቦዲው ወጣ ብሎ ያብቃ። የኋላውን በር ጎማ አስቀይር፣ የወለሉን ቀዳዳ በላሜራ አስደፍን። እስከዚያ ሰው አትጫን። መንገድ ላይ ተሳፋሪ ድብት ካለው ወይም ከተዝለፈለፈ አቁመህ ከመኪናው አውጣው፣ ሳትዘገይም ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም አድርሰው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና ደም ማነስ ያለበት ሰው ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ ፒያሳ ነው ውሎዬ። የፊተኛውን ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሜ አስበየድኩት፤ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይበሳል። በያጁ በውሃ ቧንቧ እንቀይረው ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ የሚያስቸግርዎት በያጁ አይደለም። ቱቦው ከውስጥ አልቋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። በአጭር ምልልስ ግን ቱቦው ሳይግል መኪናው ስለሚቆም፣ ውሃው እዚያው ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ውጪው ደህና መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

መበየድ ወይስ መቀየር ለሚለው፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀዳዳው ዙሪያ አራት ጣት ያህል ርቀው በመፍቻ እጀታ ኳ ኳ ያድርጉት። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ከሰጠ ልጥፍ ይይዝለታል። ድምፁ ከታፈነ፣ ቅርፊት ከረገፈ ወይም ከጎደጎደ የብየዳው ዘንግ (ኤሌክትሮዱ) ራሱ ይበሳዋል፤ ያንን ክፍል በሙሉ ቆርጦ መቀየር ነው። ከሦስተኛ ልጥፍ በኋላ ሌላ ልጥፍ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው ብዬ አምናለሁ።

የውሃ ቧንቧውን ግን አልመክርም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ይከብዳል፤ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ይበጥሳል፣ ማያያዣውንም ይጎትታል። ላዩ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዘዋል። ለእሱም ማሰብ ተገቢ ነው። መለዋወጫ መደብር ልኩን ቢያጡ፣ ከሌላ መኪና የወረደ ግን ብረቱ ያልሳሳ ቱቦ ከውሃ ቧንቧ ይሻላል። የውስጥ ስፋቱ ከድሮው እንዳይጠብ ብቻ ያስለኩ።

ሲያስበይዱም የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ያስነቅሉ፤ አለዚያ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል። የብየዳው መሬት ገመድ ብየዳው አጠገብ ይያዝ። የነዳጅ ታንከሩ ቅርብ ከሆነ ቱቦው ወርዶ ይበየድ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሰው ሥሩ እንዳይገባም አደራ።

ጥያቄ፦ የኋላው ማርሚታ ከሥሩ ቁልቁል ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ጠዋት ውሃ ያንጠባጥባል። ላስደፍነው?

መልስ፦ ቀዳዳው ጠርዙ ንጹህ፣ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቦታውም ዝቅተኛው ጋ ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ለውሃ መውጫ የበሳው ነው። አይንኩት። ከተደፈነ ማርሚታው ውሃ ያጠራቅምና ቶሎ ይበሰብሳል። የጠዋቱ ውሃ በራሱ ምንም ችግር የለውም። የራዲያተር ውሃ እየጎደለ፣ ነጩም ጭስ ሞተሩ ከጋለ በኋላ የማይቆም ከሆነ ግን የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ፊት ለፊት ያለው እንደ ሽቦ የተጠለፈው ተጣጣፊ ቱቦ ተቀደደና ጋራዥ ውስጥ በደረቅ ቱቦ ተተካ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት ብረት ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ይበየዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ መኪና ሞተር በአግድም የተቀመጠ ነው። ነዳጅ ሲሰጡትና ሲለቁት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ተጣጣፊው ቱቦ ልክ እንደ ሰው ቁርጭምጭሚት ያንን እንቅስቃሴ ይቀበል ነበር። ደረቅ ቱቦ ሲገባበት ጉልበቱ ሁሉ ማኒፎልዱ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው ብረት፣ ላይ አረፈና ሰነጠቀው። ማኒፎልዱ ጊዛ (ቀልጦ በቅርፅ የፈሰሰ ብረት) ከሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ለጊዜው ይይዛል፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ግን ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። አስቀድሞ አሙቆ፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ በይዶ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ የሚያደርግ ባለሙያ ካገኙ ያሠሩት፤ ካላገኙ ደህና ማኒፎልድ ፈልገው ይቀይሩ። በሁለቱም መንገድ ተጣጣፊው ቱቦ ይመለስ፤ ሞተሩን የያዙት ጎማዎችም ይታዩ፤ ካረጁ አዲሱንም ቱቦ ይቀዱታል።

ጥያቄ፦ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት አውጥተን እንግዛህ፣ መኪናውም ይፈጥንልሃል አሉኝ። ልሽጠው?

መልስ፦ አትሽጠው። የሚፈልጉት በውስጡ ላሉት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው፤ ስለ ፍጥነትህ ተጨንቀው አይደለም። ያልተደፈነ ካታሊስት ቢወጣ የምታገኘው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከላይ ለሹፌሩ የጻፍኩለትን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ ሞተር አስነስተህ በምታቆይበት ጠባብ ግቢ ውስጥ ልዩነቱ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ካጠረው፣ ጭራውም ጋ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ፣ ያኔ መደፈኑን አስመርምር።

ጥያቄ፦ ከከተማ ወጥቼ ሳለ ቱቦው ከመሃል ተበጥሶ መሬት ቢጎትት እንዴት እገባለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ ቱቦው ቀይ ባይሆንም ቆዳ ይልጣል። የዘይት ቆርቆሮ ጎኑን ቆርጠህ የተበጠሰውን ቦታ ጠቅልልበት፣ ሁለቱን ጫፍ በፋሸታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ወይም በወፍራም ሽቦ አጥብቅ። ማንጠልጠያው ከተበጠሰ በሽቦ ከሻንሲው ጋር እሰረው፤ በካላማዳሪያና በፕላስቲክ ገመድ አይደለም፣ ሙቀቱ ያቀልጣቸዋል። ሽቦው የፍሬን ቱቦና የነዳጅ መስመር እንዳይነካ እይ። ከዚያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተህ፣ የኋላውን በር ዘግተህ፣ በዝግታ በቀጥታ ወደ በያጅ ሂድ። ከአንተ ጋር ልጆች ካሉ በሌላ መኪና ይምጡ።