ቻናሉ በእርሱ ስም፣ ትምህርቱ የእኔ፦ የማስታወቂያው ገቢ የማን ነው?

ጥያቄ፦ እኔና አንድ ባልደረባዬ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የሒሳብ ትምህርት የሚሰጥ የዩቲዩብ ቻናል ጀመርን። ትምህርቱን የምጽፈውና ካሜራ ፊት ቆሜ የማስተምረው እኔ ነኝ። እርሱ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፣ ይጭናል። ቻናሉ የተከፈተው በእርሱ ኢሜይል ነው፤ ገንዘቡ የሚገባበት የአድሴንስ ሒሳብም በእርሱ ስም ነው። በጽሑፍ የተዋዋልነው ነገር የለም፤ ገቢ መምጣት ሲጀምር ግን በየወሩ ግማሹን በባንክ ይልክልኝ ነበር። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ መላኩን አቆመ። ስጠይቀው «ቻናሉ የእኔ ነው፤ አንቺ አቅራቢ ብቻ ነሽ» አለኝ፤ የይለፍ ቃሉንም ቀየረው። ዩቲዩብ ድርሻዬን በቀጥታ እንዲከፍለኝ መጠየቅ እችላለሁ? ቪዲዮዎቹን በራሴ አዲስ ቻናል ላይ ብጭናቸውስ? አንድ ወዳጄ ደግሞ «የቅጂ መብት አቤቱታ አቅርቢና ቻናሉን አዘጊበት» ይለኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከወዳጅዎ ምክር ልጀምር፤ ከጠየቁኝ ሁሉ ተመልሶ የማይጠገን ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነውና። እባክዎ አያድርጉት። አንድ ቻናል በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ከደረሰበት ለመዘጋት ይዳረጋል፤ የተጫኑት ቪዲዮዎችም አብረውት ይነሣሉ። ግማሹ ይገባኛል የሚሉት ገቢ የሚመነጨው ከእነዚሁ ቪዲዮዎች ስለሆነ፣ ላሚቱን አርዶ በወተቱ መካሰስ ይሆናል።

በእርስዎም ላይ የሚያስከትለው ተጠያቂነት አለ። ቪዲዮ እንዲነሣ የሚቀርብ አቤቱታ የሚስተናገደው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ሥርዓት ነው። አቤቱታ አቅራቢው የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪል መሆኑን የሚያረጋግጠው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሐሰተኛ መሐላ የሚያስጠይቅ ቃል ሰጥቶ ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ አቤቱታ ያቀረበ ሰው ደግሞ ለደረሰው ጉዳት፣ የጠበቃ ወጪን ጨምሮ፣ ኪሣራ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። እርስዎ ወደው የቆሙበትን፣ ሲጫን ያዩትንና ገቢውን በየወሩ የተካፈሉበትን ቪዲዮ «ያለ ፈቃዴ ወሰደብኝ» ብለው መፈረም የሚችሉ አይመስለኝም። ባልደረባዎም ዝም አይልም፤ የመቃወሚያ ማስታወቂያ ያስገባል። ከዚያ በ10 የአሜሪካ የሥራ ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረትዎን ካላሳዩ ቪዲዮው ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ በመዝገብ ላይ የሚቀረው በፊርማዎ የሰጡት ቃል ነው። የባልደረባዎ ጠበቃ ብሆን ኖሮ አስቀድሜ ለፍርድ ቤት የማቀርበው እርሱን ነበር።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ዩቲዩብን መጠየቅ አይከለከልም፤ አይከፍልዎትም እንጂ። የማስታወቂያ ገቢ የሚከፈለው በአጋርነት ፕሮግራሙ ውል መሠረት ነው። የዚህ ውል ተዋዋዮች ኩባንያውና ውሉን በቻናሉ ስም የተቀበለው ሰው ብቻ ናቸው። ከረጃጅም ቪዲዮዎች ማስታወቂያ 55 በመቶው፣ ሾርትስ ከሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎች ደግሞ ለአዘጋጁ ከተመደበው ገቢ 45 በመቶው የሚታሰበው ለዚያ ሰው ነው፤ ክፍያውም የሚላከው በአድሴንስ ሒሳቡ ላይ ለተመዘገበው ስም ነው። ኩባንያው በአዘጋጆች መካከል በሚነሣ የባለቤትነት ክርክር ውስጥ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ኩባንያውን ልክሰስ ቢሉ ደግሞ የአገልግሎት ውሉ፣ ለአንዳንድ አገሮች ካስቀመጠው ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ክርክሩ በካሊፎርኒያ ሕግ እንዲታይ፣ ችሎቱም የሳንታ ክላራ ካውንቲ ፍርድ ቤቶች እንዲሆኑ ይደነግጋል። ለአራት ወር ድርሻ ያን ያህል መንገድ መሄድ አያዋጣም።

ባልደረባዎ የተሳሳተው ግን ይህንኑ እውነት ከሚገባው በላይ በመለጠጥ ነው። ስሙ በአድሴንስ ላይ መኖሩ የሚያስረዳው ኩባንያው ለማን እንደሚከፍል ብቻ ነው። ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ ምን ያህሉ የእርሱ፣ ምን ያህሉ የእርስዎ እንደሆነ የሚወሰነው በሁለታችሁ ስምምነት ነው፤ ዩቲዩብ የዚህ ስምምነት ተዋዋይ አይደለም። ስለዚህ የሚከሰሰው ባልደረባዎ ነው፤ ክሱም የሚቀርበው ሁለታችሁ በምትኖሩበት አገር ፍርድ ቤት ነው።

«ነገር ግን የጽሑፍ ውል የለንም» ይላሉ። ከየት አገር እንደሚጽፉልኝ ስላልገለጹ የአንቀጽ ቁጥር አልጠቅስልዎትም፤ ይሁንና በአብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች ውል በቃልም፣ በድርጊትም ይመሠረታል። ሕግ በጽሑፍ መሆን አለበት ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጣቸው ውሎች አሉ። የእርስዎ አገር ሕግ የሽርክና ውል በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዝ ከሆነ፣ ጠበቃዎ ክሱን ያላግባብ መበልጸግ በሚለው መርሕ ላይ ሊመሠርተው ይችላል፤ በሌላ ሰው ድካም የተገኘ ጥቅም ያለ ሕጋዊ ምክንያት ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይቀር የሚከለክል መርሕ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የክርክሩ እምብርት ያው ነው፤ እርስዎ ተቀጣሪ ነበሩ ወይስ ሸሪክ?

እዚህ ላይ ማስረጃው ለእርስዎ ያደላል። ተቀጣሪ ወይም ለአንድ ሥራ የተጠራ አቅራቢ ገቢው በዛም አነሰ የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል። እርስዎ የተቀበሉት ግን ከገቢው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ግማሽ ነው። ሌላም አለ። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ማግኘት እንዲጀምር 1,000 ተከታዮችና ባለፉት 12 ወራት የተጠራቀመ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀናት 10 ሚሊዮን የሾርትስ ዕይታ ያስፈልገዋል። እዚያ እስክትደርሱ ድረስ ያለ አንድ ሳንቲም ሠርተዋል ማለት ነው። ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይሠራም፤ ነገ የሚገኘውን ለመካፈል ተስማምቶ ዛሬ በነፃ የሚደክም ሸሪክ ነው። ዳኛው ፊት ይህን የመጀመሪያ ዘመን በደንብ ያስረዱ። ብዙ ሰው ስለቀረበት ገንዘብ ብቻ ይናገርና ገንዘብ ያልነበረበትን ጊዜ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሳምነው ያ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ማስረጃ ይሰብስቡ። ባንክዎ የተላከልዎትን ገንዘብ በሙሉ የሚያሳይ መግለጫ በማኅተም ይስጥዎት፤ በዝውውሩ ላይ «የዚህ ወር ድርሻ» የሚል ማስታወሻ ካለ ወርቅ ነው። ከባልደረባዎ ጋር የተጻጻፏቸውን መልእክቶች ቀንና ስልክ ቁጥር በሚታይበት ሁኔታ ይቅዱ፤ ስልክዎንም አይለውጡ፣ አይሽጡ። የትምህርቶቹን ረቂቆች የያዙ ደብተሮችና ፋይሎች ከነተፈጠሩበት ቀን ያስቀምጡ። የቻናሉን ሙሉ የቪዲዮ ዝርዝር፣ የተጫኑበትን ቀንና የዕይታ ብዛታቸውን ይመዝግቡ፤ ይህ የይለፍ ቃል አይፈልግም። ወደ ቻናሉ በስውር ለመግባት ግን አይሞክሩ። የራሴ ነው ብለው ቢያስቡም ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሒሳብ መግባት በብዙ አገሮች ወንጀል ነው፤ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት የሚያሸጋግር መንገድ ነው።

የቅጂ መብቱ ጉዳይ ትንሽ ይወሳሰባል። በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ያለው መብት አንድ ብቻ አይደለም። የጻፉት ትምህርት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልገውም፤ እንደተጻፈ ይጠበቃል። ቀረጻውና ቅንብሩ ደግሞ የባልደረባዎ የፈጠራ አስተዋጽኦ አለበት። የእርሱ ጠበቃ ምናልባት እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጎግል ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ይጠቅስ ይሆናል። አንዲት ተዋናይት በአንድ ፊልም ውስጥ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ስለታየች ብቻ የተለየ የቅጂ መብት አላት አይባልም ተብሎ ተወስኖባታል። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎን ግን አይመለከትም። እርሷ ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል ነው የተናገረችው፤ እርስዎ ግን ራስዎ የጻፉትን ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስተማሩት። ስለዚህ ቪዲዮዎቹ የሁለታችሁ የጋራ ሥራ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። በአሜሪካ ሕግ የጋራ ባለመብት የሆነ ሰው ሥራውን ብቻውን ቢጠቀምበት የሌላኛውን መብት ጣሰ አይባልም፤ ያገኘውን ጥቅም ግን የማካፈል ግዴታ አለበት። ሌሎች አገሮች የሁሉንም ባለመብቶች ፈቃድ ይጠይቃሉ። በሁለቱም ቢሆን «ሁሉም የእኔ ነው» የሚለው የባልደረባዎ አቋም መቆሚያ የለውም።

ያው ሚዛን በእርስዎም ላይ ይሠራል። የድሮዎቹን ቪዲዮዎች እንዳሉ አንሥተው በአዲስ ቻናል ቢጭኑ፣ አቤቱታ የሚያቀርበው እርሱ ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚደርሰው አዲሱ ቻናልዎ ላይ ነው። በተጨማሪም ዩቲዩብ ሌላ ቦታ የነበረን ይዘት ያለ በቂ ለውጥ ደግሞ የሚጭን ቻናልን ወደ ገቢ ፕሮግራሙ ላያስገባው ይችላል። የሚሻለው ትምህርቶቹን እንደገና አዘጋጅቶ፣ አዲስ ምሳሌዎች ጨምሮ፣ ራስዎ መቅረጽ ነው። የሒሳብ ቀመር የማንም ንብረት አይደለም፤ አገላለጹም የእርስዎ ነው። ጽሑፎቹን ለጋራ ሥራው ለዘለቄታው አስተላልፌያለሁ የሚል ቃል በመልእክት ጽፈው እንደሆነ ግን ከመጀመርዎ በፊት ለጠበቃዎ ያሳዩት። በአዲሱ ቻናል ላይ አድሴንሱ በራስዎ ስም ይሁን፤ የሚረዳዎት ሰው ካለም በቻናሉ ቅንብር ውስጥ የአርታኢነት ፈቃድ ብቻ ይስጡት፤ የይለፍ ቃል መስጠት አያስፈልግም።

ክሱ ሲቀርብ ከገንዘቡ በፊት ሒሳብ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። የአራቱን ወር ገቢ ልክ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ በግምት አንድ ቁጥር ጽፈው ቢከሱ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። አድሴንስ ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ የአንዱን ወር ገቢ በተከታዩ ወር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ21ኛው እስከ 26ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ክፍያም በአድሴንስም በባንኩም መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም እንዲያቀርብ ያዘዋል፤ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳከሩ መደበቅ ይከብዳል። ከዚሁ ጋር የእግድ ትዕዛዝ ይጠይቁ፤ ቪዲዮዎቹን እንዳያጠፋ፣ ቻናሉን ለሦስተኛ ሰው እንዳያስተላልፍ፣ ከሚገባው ገንዘብ ግማሹን ደግሞ ፍርድ እስኪሰጥ እንዳያንቀሳቅስ። ትዕዛዙ በእርሱ ላይ ይሁን። አጠገብዎ ያለን ሰው ማስገደድ ባሕር ማዶ ያለን ኩባንያ ከማስገደድ ይቀላል።

ለባልደረባዎም ፍትሐዊ እንሁን። «ግማሽ» ሲባል የምን ግማሽ ነው? ገቢው በሙሉ በእርሱ ስም ስለሚመዘገብ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እርሱን ነው የሚያውቀው። አሜሪካ ውስጥ ካሉ ተመልካቾች የሚገኘው ገቢ ደግሞ እዚያው ግብር ይቆረጥበታል፤ የግብር ቅጹን የሞላ ሰው አገሩ ከአሜሪካ ጋር ያላት የግብር ስምምነት ካላቃለለለት ከዚህ ገቢ ላይ እስከ 30 በመቶ ይያዝበታል፤ ቅጹን ካልሞላ ግን ከመላው ዓለም በሚገኘው ጠቅላላ ገቢው ላይ እስከ 24 በመቶ ሊያዝበት ይችላል። ካሜራና ኢንተርኔትም ወጪ አላቸው። እነዚህን ማስረጃ እስካቀረበባቸው ድረስ መቀነሱ ተገቢ ነው፤ ቅጹን ባለመሙላቱ የደረሰውን ጉድለት ግን እርስዎ ላይ ሊጥለው አይገባም። እርስዎም የደረሰዎት ድርሻ ገቢ ስለሆነ በአገርዎ ሕግ ማሳወቅ ያለብዎት መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። ክስ ሲጀመር የሁለታችሁም ሒሳብ ነው የሚገለጠው።

ከክሱ በፊት ግን በጠበቃ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይላኩለት። የስምምነቱን ታሪክ፣ የተላኩትን ክፍያዎችና የተቋረጡበትን ወር ጠቅሶ፣ በ15 ቀናት ውስጥ ሒሳብ እንዲያቀርብ ይጠይቅ። ስድብና ዛቻ አይኑርበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ለድርድር የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ከመጣ ደግሞ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። የአራቱን ወር ድርሻ ይዞ መጥቶ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት እንዲፈርሙለት ሊጠይቅዎ ይችላል። የትምህርት ቪዲዮ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ክፍልፋይን የሚያስረዳ ቪዲዮ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይመጣለታል፣ ማስታወቂያውም አብሮ ይታያል። በዚያ ወረቀት የሚተዉት ያለፈውን ሳይሆን የሚመጣውን ዓመታት ገቢ ነው። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ወደፊት የሚያስገቡት ገንዘብ በምን ያህል እጅ፣ እስከ መቼ፣ በየስንት ወሩና ከምን ሒሳብ መግለጫ ጋር እንደሚከፈልዎ፣ ቻናሉ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋም ምን እንደሚሆን ተጽፎ ካልተቀመጠ አይፈርሙ።