ማታ ቆጡ ላይ ይጣላሉ፣ ጠዋት ሽታው ዓይን ያቃጥላል

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የጓሮ ዶሮ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። 14 ዶሮ አለኝ፣ 9ኙ ኮኮክ የሚባለው ዝርያ ናቸው 5ቱ ደሞ ሳሶ። ቤታቸውን ባለቤቴ ነው የሰራላቸው ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ይሆናል። ቆጡ ሶስት የባህር ዛፍ አጣና ነው፣ እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ የተሰራ። ማታ ማታ ላይኛው ላይ ለመውጣት ይጣላሉ፣ ታች ያደሩት ላይ የላይኞቹ ኩስ ጀርባቸው ላይ ያርፋል፣ ሁለቱማ ጭራሽ ትተውት እንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድሩ። ጠዋት በሩን ስከፍተው ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ጎረቤትም ማጉረምረም ጀምሯል። አንዷ ሳሶ ደሞ መርገጫዋ አብጦ ታነክሳለች። ከቆጡ ስር የኩስ መቀበያ ጣውላ አድርጊ ብሎ አንድ ሰው መክሮኝ ነበር፣ እንዴት ነው የሚሰራ? ብዙ ወጪ ሳይጠይቀኝ ቢሆን ደስ ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ የቤቱን ልኬት ጭምር ስለፃፍሽልኝ ስራዬን አቀለልሽው። ጥሉ፣ ኩሱ፣ ሽታው፣ እግሩ ብለሽ አራት ችግር ነው የነገርሽኝ፣ እኔ ግን ስሩ አንድ ነው ባይ ነኝ፣ ቆጡ ሲሰራ ኩሱ የት እንደሚወድቅና ማን በምን እንደሚጠርገው አብሮ አልታሰበም። ባለቤትሽን ለመውቀስ አይደለም፣ ሁላችንም እንደዛ ነው የሰራነው። አባቶቻችን ቤት ቆጥ ማለት ከግድግዳ ግድግዳ የተጋደመ እንጨት ነበር በቃ፣ ግን ያኔ አራት አምስት የሀበሻ ዶሮ ናት ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትጭር ውላ ለማደር ብቻ ነው የምትገባ። ያንቺ 14 ናቸው፣ ቦታውም 3 ካሬ ነው።

ከጥሉ ልጀምር። ዶሮ ሲጨልም ዳፍንታም ናት፣ ስለዚ ዓይኗ እያየ ካገኘችው ቦታ ሁሉ ከፍ ያለው ላይ ወጥታ መቀመጥ ትፈልጋለች፣ ሽለምጥማጥ አይደርስብኝም የምትለው እዛ ላይ ስትሆን ነው። ደረጃ አድርገሽ ከሰራሽላት ላይኛው እንጨት የጉልበተኞቹ ይሆናል፣ ሌሎቹ ሲገፉ ሲገፉ ታች ይቀሩና የላያቸውን ኩስ ተሸክመው ያድራሉ፣ ተስፋ የቆረጡት ደሞ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሶስቱንም አጣና አንሺና ሁለት እኩል ከፍታ ያላቸው ቆጦች አድርጊ። ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ይበቃል የሚል አለ፣ ሳሶ ግን ሰፊ ናት፣ አንቺ 25 ያዢ፣ 14 በ25 ሲባዛ 3 ሜትር ተኩል ይመጣል፣ ቤትሽ 2 ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ቆጥ 4 ሜትር ይሰጥሻል፣ ይተርፋል። የመጀመሪያውን ከኋላው ግድግዳ 30 ሴንቲ አርቂው ጭራቸው ጭቃውን እንዳይፍቅ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው 35 ሴንቲ። ከፍታው ከመሬት 80 ሴንቲ ይሁን። ከዛ በላይ አትሂጂ፣ የኮኮክና የሳሶ ክብደት እንደ ሀበሻ ዶሮ አይደለም።

የእግሩ ነገር እዚጋ ነው የሚመጣው። ከባድ ዶሮ ከላይ ዘላ ደረቅ ወለል ላይ በየቀኑ ስታርፍ መርገጫዋ ይሰነጠቃል፣ ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ይገባል፣ ያብጣል፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። እግሯን ገልብጠሽ እዪው። ለብ ባለ ጨው ውሃ ዘፍዝፈሽ አጥቢላት፣ ደረቅ ጭድ ላይ ለብቻዋ አድርጊያት፣ እብጠቱ ካልቀነሰ ወይ ከጠነከረ እንስሳት ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ ራስሽ እንዳትቀጂው። ለወደፊቱ ደሞ ከቆጡ ፊት ለፊት ትንሽ መሰላል አድርጊላቸው፣ 40 ሴንቲ ላይ አንድ መርገጫ ብትሆን እንኳን ሳሶዎቹ በሷ ይወርዳሉ፣ የሚያርፉበት ወለል ላይም የጤፍ ጭድ ወፈር አድርገሽ አንጥፊ።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ክብ አጣና መጥፎ ነው አልልም ግን ቀጭን ከሆነ ትይዘዋለች እንጂ አትቀመጥበትም፣ ሌሊቱን ሙሉ ክብደቷ አንድ መስመር ላይ ነው የሚያርፍ። ከቻልሽ 5 በ7 ሞራሌ ግዢ፣ ሰፊውን ፊት ወደላይ አድርጊና ጠርዞቹን በመላጊያ ወይ በብርጭቆ ወረቀት አዙሪያቸው። አጣና ካልሽም ወፈር ያለውን መርጠሽ ልጡን ሙልጭ አድርገሽ ላጪው። ልጥ ስር ነው የዶሮ ቅንቅን ቀን ቀን ተደብቆ የሚውል፣ ማታ ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል። ቅንቅን መኖሩን ለማወቅ ማታ ነጭ ጨርቅ ይዘሽ ግቢና የቆጡን ስር ጥረጊው፣ ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከቀረ አለ ማለት ነው። ለዚም ብዬ ነው ቆጡን በሚስማር እንዳትቸነክሪው የምልሽ፣ በሁለቱም ጫፍ አፉ ወደላይ የተከፈተ ማረፊያ ስሪለትና ላዩ ላይ ይቀመጥ፣ በወር አንዴ አንስተሽ ደጅ አውጥተሽ የፈላ ውሃ ታፈሺበታለሽ፣ ከዛ ፀሐይ ይመታዋል።

አሁን ወደ ጣውላው። ዶሮ ግማሽ የሚጠጋውን ኩሷን የምትጥለው ማታ ቆጥ ላይ ሆና ነው፣ ይሄን ያህል ኩስ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ያንን ቦታ ማፅዳት ብቻ የቤቱን ግማሽ ማፅዳት ነው። ሽታው የሚመጣውም ኩሱ ሲወድቅ ሳይሆን እርጥበት አግኝቶ ሲቀመጥ ነው፣ ሲብላላ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይሆናል፣ ያ ነው ዓይንሽን ያቃጠለሽ። አንቺ በሩን ከፍተሽ ወደኋላ ትያለሽ፣ እነሱ ግን አፍንጫቸውን እዛው አድርገው ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚምጉት።

ጣውላውን ከመሬት 60 ሴንቲ ላይ አድርጊው፣ ከቆጡ በታች 20 ሴንቲ ማለት ነው፣ ወደ አንድ ስንዝር። ርዝመቱ የቤቱን ያህል 2 ሜትር፣ ስፋቱ ከኋላው ግድግዳ ጀምሮ ከፊተኛው ቆጥ 30 ሴንቲ አልፎ እስኪወጣ፣ 95 ሴንቲ ይመጣል። ስፋቱ አይቀነስ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተቀመጠች ዶሮ ኩሷ ከቆጡ ወደፊት አልፎ ነው የሚወርድ። ከስሩ ያለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ወለል አይቀንስብሽም፣ እንዳውም ቀን ቀን እዛ ስር ይጭራሉ። የእንቁላል መጣያ ሳጥኖቹን ግን ከ40 ሴንቲ በላይ አትስቀያቸው፣ ከቆጡ ዝቅ ካላሉ ማደሪያ ይሆናሉ፣ 14 ዶሮ 3 ሳጥን ይበቃዋል። ሳጥኑን የለመዱትን ሁለቱን ዶሮዎች ደሞ ለሳምንት ያህል አመሻሹ ላይ የሳጥኑን አፍ በጆንያ ዝጊባቸውና ቆጥ ላይ አስቀምጫቸው፣ ንጋት ላይ መክፈት እንዳትረሺ እንቁላል ሊጥሉ ይመጣሉ።

ምን ይንጠፍበት ካልሽኝ፣ ሞገድ ያለው ቆርቆሮ እንዳታስቢ፣ ኩሱ ሸለቆው ውስጥ ይገባና አይፋቅም። ማንኛውም ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ከቤት የተረፈ የወለል ፕላስቲክ ብትቸነክሪበት እንደ ሰሃን ነው የሚፋቅልሽ፣ እሱ ከሌለ የማዳበሪያ ከረጢት ቀደሽ ዘርጊው፣ ሲቆሽሽ ጠቅልለሽ አውጥተሽ ታራግፊዋለሽ። ላዩ ላይ ሰጋቱራ ወይ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ስስ አድርገሽ በትኚ እርጥበቱን እንዲመጥ።

እዚጋ የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ዶሮ ቤቴ ላይ ጣውላ ነበረኝ፣ በስርዓቱ ለክቼ ነበር የሰራሁት፣ ግን በቆጡና በጣውላው መሀል የተውኩት ክፍተት አራት ጣት ነበር፣ ጣውላውም በሚስማር የተመታ፣ በሩ ደሞ በሌላ ወገን፣ ለመጥረግ በሆዴ እየተሳብኩ ነበር የምገባው። በጋውን ታገልኩ። ሐምሌ ሲገባ በዛ ዝናብ አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ሁለት ቀን፣ ከዛ ሳምንት ሆነ። አንድ ጠዋት ሶስቱ ዓይናቸው አረፋ ደፍቆ ተጣብቆ፣ ቆጡ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ፣ መውረጃው አልታይ ብሏቸው። እስካሁን ሳስባቸው ሆዴን ይበላኛል። ከዛ ወዲህ ለማንም ሰው የምለው ይሄንኑ ነው፣ እጅሽ የማይደርስበት ጣውላ ባይኖር ይሻላል፣ ኩሱን አፍንጫቸው ስር ነው የምታከማቺላቸው።

ስለዚ ባለቤትሽ ከኋላው ግድግዳ ከውጭ በኩል በጣውላው ልክ በሁለት ቋሚ መሀል ጭቃውን ቆርጦ መስኮት ያውጣ፣ 60 በ40 ይበቃል፣ መዝጊያው ማጠፊያና ጠንካራ መሸንጎሪያ ይኑረው ሽለምጥማጥ በትንሽ ክፍተት ነው የሚገባ። ጠዋት ውጭ ቆመሽ፣ ባልዲውን ከስር አድርገሽ፣ በግንበኛ ማንኪያ ወይ እጀታው በረዘመ መፋቂያ ወደራስሽ ስበሽ ትጨርሻለሽ፣ ቡና እስኪፈላ እንኳን አይፈጅም።

ስትፍቂም እያየሽ ይሁን። ደህና ኩስ ጠጠር ብሎ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለው፣ በመሀል በመሀል ቡናማ የሚያጣብቅ የሚገማ ታገኛለሽ እሱም ጤና ነው አትደንግጪ። ደም ካየሽበት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴ ቀጭን ከሆነ ወይ አልበላችም ወይ ፈንግል ነው፣ በተለይ አንገቷን የምታጣምም ወይ ክንፏን የምትጥል ካለች ለይተሽ ዛሬውኑ ሐኪም ጥሪ። በየትኛው ቆጥ ትይዩ እንደወደቀ ስለምታውቂ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅም ይቀልሻል፣ ዶሮ ቦታዋን ብዙም አትቀያይርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ማርቆስ ብርድ ነው ብላችሁ ቀዳዳውን ሁሉ በጭድና በጆንያ አትወትፉት። ብርዱን በላባቸው ይችሉታል፣ የታፈነ እርጥብ አየር ነው የሚጎዳቸው። ከጣሪያው ስር፣ ከጭንቅላታቸው በላይ፣ በሁለት ወገን ስንዝር የሚሆን ክፍተት ይኑር፣ ወንፊት ሽቦ ይመታበት። በቆጡ ልክ ቀጥታ የሚገባ ንፋስ ካለ እሱን ድፈኚው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ እኔ ኩሱ ላይ በየቀኑ አመድ ነው የምነሰንሰው፣ በበጋ ደህና ነበር ክረምት ሲገባ ግን ሽታው ባሰ። ኩሱን ለበርበሬ ማሳዬ ልጠቀምበት አስቤ ነበር፣ ይሆናል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ አመድ ያደርቃል ልክ ነህ፣ ግን ኩሱ እርጥብ ሆኖ አመድ ሲነካው አሞኒያውን ቶሎ ነው የሚያስለቅቀው፣ ኖራም እንደዛው ነው፣ ክረምት ላይ የባሰብህ ለዛ ነው። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደሞ ሽታ ሆኖ የሚወጣው ያው ለበርበሬህ የፈለግከው፣ ተክሉን የሚመግበው ናይትሮጅን መሆኑ ነው። በአመዱ ፋንታ ሰጋቱራ ወይ ጭድ አድርግ። አመዱንም አትጣለው፣ ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅለህ በገንዳ አስቀምጥላቸው ይንከባለሉበታል ቅማላቸውን ያራግፍላቸዋል።

ኩሱን ለበርበሬ፣ አዎ፣ ግን ትኩሱን አይደለም፣ ተክሉን ያቃጥለዋል። ከጭድና ከቅጠል ጋር እየደራረብክ ከምረው፣ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በላዩ ክደነው፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጠው፣ የካቲት ላይ የከመርከው ለሰኔ ተከላ ይደርስልሃል። ስታሸተው የአፈር ሽታ ከሸተተህ ደርሷል፣ አፍንጫህን ከቆነጠጠህ ገና ነው።

ጥያቄ (ከጥሊሊ)፦ የ3 ወር ቄቦች ገዝቼ አመጣሁ፣ ቆጥ ሰርቼላቸው አይወጡም፣ ጥግ ላይ ተደራርበው ነው የሚያድሩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናንተ አገር ያለው የሀበሻ ጫጩት ከናቱ ጋር ስለሚያድግ ሲመሽ ተከትሏት ይወጣል ማንም አያስተምረውም። የተገዙት ግን ሳጥን ውስጥ በሙቀት ያደጉ ናቸው፣ ቆጥ አይተው አያውቁም፣ ጥግ የያዙትም እዛ ይሞቀን ነበር ብለው ነው። መጀመሪያ 30 ሴንቲ ላይ ዝቅ ያለ ቆጥ አድርግላቸው። ከዛ ጨለም ሲል ባትሪህን ደብዘዝ አድርገህ ግባና አንድ በአንድ እያነሳህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ ጣቶቻቸው እንጨቱን እስኪይዙ ደረታቸውን ደገፍ አድርገህ ቆይ፣ ከያዙ በኋላ በጨለማ አይወርዱም። ሰባት ስምንት ማታ ይፈጅብሃል፣ መጀመሪያ ሁለት ሶስቱ ከለመዱ ሌሎቹ እነሱን አይተው ይወጣሉ። ከለመዱ በኋላ ቆጡን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረግክ ሂድ፣ ጥግ ያለውንም ቦታ እስከዛ በድንጋይ ወይ በሳጥን ያዝባቸው፣ ተደራርበው ሲያድሩ ከስር ያለችው ታፍና ልትሞት ትችላለች።