የቼክ ዘር ማንዘር

ልጆቼ፣ የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ ከግዕዝ የሚያመጡ ቪዲዮዎቻችሁ በየጊዜው ይደርሱኛል። ጉጉታችሁን እወደዋለሁ፤ አካሄዳችሁን ግን አይደለም። ዕድሜዬን ባንክ ውስጥ ነው የጨረስኩት፤ ስለዚህ በማውቀው ቃል ላስረዳችሁ፤ በቼክ።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች «ቼክ» ያሉት የክፍያ ወረቀት ሲሰጥ ከፋዩ ዘንድ የሚቀረውን ቁራጭ ነበር። ማጭበርበር እንዳይኖር የሚመሳከረው በእሱ ነው። ኋላ ስሙ ወደ ክፍያ ወረቀቱ ወደ ራሱ ተሻገረ። አሜሪካኖች በድሮው ፊደል (check) ይጽፉታል። እንግሊዞች ግን አጻጻፉን «ኤክስቼከር» ከሚሉት ግምጃ ቤታቸው ስም ጋር አመሳሰሉት (cheque)።

ይሄ ኤክስቼከር ደግሞ ጉደኛ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የንጉሡ ሂሳብ የሚሠራው መስመር መስመር ያለው ጨርቅ በለበሰ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሸሪፉ፣ ማለትም በየአውራጃው የንጉሡ ሹም፣ ቀርቦ ሂሳቡን ያወራርዳል። ፓውንዱ፣ ሽልንጉ፣ ፔኒው በየዓምዱ በመቁጠሪያ ይደረደራል። ጠረጴዛው የቼስ ገበታ ስለሚመስል በዚያው በገበታው ስም ተጠራ። የእኛም «ሰንጠረዥ» ከዚሁ ጨዋታ ተነስቶ አይደል የሂሳብ መደርደሪያ የሆነው?

የሁሉም ግንድ ጨዋታው ነው። ፋርሶች «ሻህ!» ይሉ ነበር፤ ንጉሥ! ዐረቦች ወሰዱት። በላቲን አልፎ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤስቼክ» ሆነ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ እዚያ ገባ። ትርጉሙም ንጉሥህ ተነካ ከማለት ወደ መግታት፣ ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከዚያ ወደ ማመሳከር ሄደ።

ልብ በሉ፤ በየደረጃው የተጻፈ ማስረጃ አለ። ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ የሚቀርብ ዝምድና ደረቅ ቼክ ነው። ፋርስኛ «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደዚያው። ዝምድና ግን የላቸውም! የፋርሱ ቃል ጥንት የሚጀምረው በ«ወ» ነበር። ስለዚህ ከዛሬው ተነሱና አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። አትዝለሉ።

ሻህስ ከየት መጣ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ገደማ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ በዛሬዋ ኢራን በሚገኘው በቢሶቱን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን «ኽሻያቲያ ኽሻያቲያናም» ይላል፤ ንጉሠ ነገሥት። ያ ረጅም ቃል አጥሮ አጥሮ ነው ሻህ የሆነው።

«ቼክሜት»ን ለእናንተ ትቼዋለሁ። «ሜት» ዐረብኛ ነው ወይስ ፋርስኛ፣ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። ብቻ «ሞተ»ን ስለመሰለ ቪዲዮ ለመልቀቅ አትቸኩሉ።