ለካታቶኒያ የተሰጠው መድኃኒት ልጄን አባሰብኝ

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ አይናገርም። እጁን ሳነሳው እንደተነሳ ይቀራል። ምግብ አፉ ውስጥ ይዞ ይቆያል እንጂ አይውጥም። ካታቶኒያ፣ ማለትም እንቅስቃሴንና ንግግርን የሚያስር ሕመም ነው ተብሎ ሃሎፔሪዶል ታዘዘለት። ከጀመረ በኋላ ጭራሽ ደረቀብኝ። መድኃኒቱን ላቋርጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ዛሬውኑ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ሆስፒታል ይውሰዱት። የሚቀጥለውን ከመስጠትዎ በፊት ሐኪም ይየው። ትኩሳት ካለው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ልቡ በኃይል ከመታ ወይም ከተደናገረ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ሃሎፔሪዶል የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመለየት ሕመም) መድኃኒት ነው፤ በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን የዶፓሚንን ሥራ ይገታል። በካታቶኒያ ጊዜ ይህ የሰውነቱን መገተር ሊያባብሰው ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ዓይነት መድኃኒት ሊያመጣው የሚችለው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም የሚባለው ነው። ጡንቻ ይገተራል፣ ሰውነት ይግላል፣ የደም ግፊት ይዋዥቃል፤ የሚጎዳው ጡንቻ ኩላሊትንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ሕይወት ያጠፋል። ፈሳሽ ያነሰው ሰውነት ይበልጥ ይጋለጣል፤ ልጅዎ አይውጥም ሲሉኝ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

በልጆችም ሆነ በአዋቂዎች የካታቶኒያ የመጀመሪያው ሕክምና ሎራዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ተሰጥቶ ለውጡ ይታያል። በደም ሥር ሲሰጥ፣ ለሳምንታት ዝም ያለ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሊናገር ይችላል። ካልበቃ መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ያም ካልሠራ በማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምና አለ። ስሙ ቤተሰብን ያስደነግጣል፤ ግን ካታቶኒያ ላይ በጣም ውጤታማ ነው፤ ሐኪሙ ካነሳው እባክዎ በሩን አይዝጉበት።

ታዲያ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት ጨርሶ ክልክል ነው? አይደለም። ከሥሩ ሳይኮሲስ ካለ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን መጀመሪያ ካታቶኒያው ይታከም። ከዚያ እንደ አሪፒፕራዞል ያለው በትንሽ መጠን፣ ከሎራዜፓም ጋር፣ በቅርብ ክትትል ይጀመራል።

መንስኤውም ይፈለግ። የስሜት ሕመም፣ ስኪዞፍሬንያ፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጎልን ሲያጠቃም ይመጣል። ከመታመሙ በፊት ትኩሳት ወይም የሚጥል በሽታ ከነበረ ይናገሩ። የደም፣ የአንጎል ምስልና የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ዝም ቢልም ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ አጠገቡ ሲያወሩ ይጠንቀቁ። እስኪደርሱ ድረስ ደግሞ በግድ አያጉርሱት፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።