40 ደቂቃ፦ መርከብ ላይ ለምትወጡ ወጣቶች

ባሕር ዳር ሆናችሁ የመርከብ ሙያ የምትማሩ ልጆቼ፣ ከዓባይ መውጫ ብቅ ጥልቅ የሚሉትን ጉማሬዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል በዝምድና ለዓሣ ነባሪ በጣም የሚቀርበው ጉማሬ ነው። ዓሣ ነባሪም ልጁን ያጠባል፣ አየር ለመሳብም ወደ ላይ ይወጣል። ከእኛ መርከብ አፍንጫ ጋር የሚያጋጨውም ይኸው ትንፋሹ ነው።

ስለ ደመወዝና ስለ ኮንትራት የሚመክራችሁ ሞልቷል። እኔ በሞተር ክፍል አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለ ፍጥነት ልንገራችሁ።

በአሜሪካና በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚኖረው የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዓሣ ነባሪ ዛሬ ከ400 ያነሰ ነው የቀረው። ጥቁር ነው፣ ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። እናትና ግልገል ከውኃው ወለል ሥር ሲያርፉ፣ ብሪጅ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ላይ የቆመው መኮንን ዓይኑ ቢሠራም አያያቸውም። ሴቷ እስከ 10 ዓመቷ ድረስ አትወልድም፤ ድሮ በየ3 ዓመቱ ትወልድ የነበረችው አሁን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ትቆያለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በሁለቱ አገሮች ውኃ 17 ሞተው ተገኙ። ገዳዮቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ የዓሣ አጥማጆች ገመድና መርከብ። ገመዱን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ።

«ይህን የሚያህል መርከብ ሲመጣ እንዴት አይሸሽም?» ትሉኛላችሁ። መርከቡን እየተሽከረከረ የሚገፋው ፕሮፔለር ከኋላ ነው፤ ድምፁን የመርከቡ አካል ስለሚጋርደው ከፊት ለፊት ያለው ውኃ ጸጥ ያለ ይሆናል። እኛም ብንሆን ስንመታው አይሰማንም። የሞተ ዓሣ ነባሪ አፍንጫቸው ላይ ተንጠልጥሎ ወደብ የገቡ፣ ሠራተኞቻቸው ግን ምንም ያላወቁ መርከቦች አሉ።

ስለዚህ በእጃችን ያለው ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። ከ15 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በላይ በሚሄድ መርከብ የተመታ ዓሣ ነባሪ ይሞታል ማለት ይቻላል፤ ፍጥነቱ ከ12 ኖት በታች ሲሆን ግን የመትረፍ ዕድሉ ከግማሽ ያልፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ርዝመቱ 20 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ በተወሰኑ ወራትና ቀጠናዎች ከ10 ኖት እንዳያልፍ ያዘዘችው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህ ሕግ የሚጣሰው በክፋት አይደለም፤ በዕቅድ ጉድለት ነው። የቀጠናው ስፋት 20 ኖቲካል ማይል ነው እንበል። በ15 ኖት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በ10 ኖት 2 ሰዓት ይፈጃል። ልዩነቱ 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ሳምንት ጉዞ ላይ ቢከፋፈል የሚጨመረው ፍጥነት 0.1 ኖት እንኳ አይሞላም! ጉዞው ሲታቀድ ካልተያዘ ግን መርከቡን ወደብ የሚያስገባው ፓይለት እየጠበቀ፣ ካፒቴኑ ሰዓቱን እያየ፣ እነዚያ 40 ደቂቃዎች እንደ ተራራ ይገዝፋሉ። ስለዚህ የመርከብ መኮንን የምትሆኑት ቀጠናውን ገና ከመነሻው ካርታው ላይ አስገቡ። የሞተር ሰዎች ደግሞ ቀድሞ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ ትልቅ ሞተር ከባሕር ፍጥነት በአንዴ አይወርድም፣ ጭነቱ በደረጃ ነው የሚቀንሰው። «ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ካርቦን (ጥቀርሻ) ይይዛል» ብሎ የሚያጉረመርም ሰው አይጠፋም፤ ለሁለት ሰዓት ግን ሰበብ ነው።

ሕግ የሌለበትም ቦታ አለ። በኦማን ጠረፍ፣ በማሲራ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሚኖሩት የዓረቢያ ባሕር ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች እንደ ሌሎቹ ወገኖቻቸው ወደ ዋልታ አይሰደዱም፤ ቁጥራቸው 100 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነዳጅ ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው መርከብ የሚያልፈው በእነሱ ቀዬ ነው፤ የእኛ አገር መኪናም የሚሄደው በዚሁ ነዳጅ ነው። ማንም ሳያስገድድ መንገድ መቀየር እንደሚቻል ስሪላንካ ላይ ታይቷል፤ ኤምኤስሲ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 መርከቦቹን ከብሉ ዓሣ ነባሪዎች መኖሪያ 15 ማይል ያህል ወደ ደቡብ አሸሽቷል።

ድምፅም አለ፤ ይህ የእኛ የሞተር ሰዎች ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት በኋላ የመርከብ እንቅስቃሴ ለጥቂት ቀናት ሲቀዘቅዝ፣ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የነበሩት ራይት ዓሣ ነባሪዎች የጭንቀት ሆርሞናቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ የታወቀውም ከፋንድያቸው ነው። የመርከብን ጩኸት በአብዛኛው የሚፈጥረው ፕሮፔለሩ ላይ የሚፈነዳው አረፋ ነው፤ ጫፉ የተጎዳ ወይም ዝቃጭ የያዘ ፕሮፔለር የባሰ ይጮኻል። ሲጸዳና ሲወለወል ደግሞ ነዳጅም ይቆጥባል። ለኩባንያችሁ የጽዳት ጥያቄ ስትጽፉ በነዳጁ ጀምሩ፤ ዓሣ ነባሪውን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አድርጉት።