ወተት የሚያፈሰው የገና አበባ

እህቴ፣ «ግቢዬ ያለው ቁጥቋጦ ኅዳር ሲያልቅ ይቀላል፣ ሲቆረጥ ወተት ያፈሳል፤ ስሙ ማነው? ወተቱስ መርዝ ነው?» ብለሻል። እኛ ሰፈር፣ ሂርማታ፣ የገና አበባ እንለዋለን። ችግኝ ሻጮቹ ፖይንሴቲያ ይሉታል።

ፖይንሴቲያ የተባለው በሰው ስም ነው። ጆኤል ፖይንሴት አሜሪካ በፈረንጆቹ 1825 ሜክሲኮ የላከችው ዲፕሎማት ነበር። አበባውን እዚያ አይቶ ወደ አገሩ ላከው፤ በዚያው በስሙ ተጠራ። ሜክሲኮዎች ግን ሰውየውን «በጓዳችን ገባ» ብለው አምርረው ነበር የሚጠሉት። የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች አዝቴኮች ድሮውኑ አበባውን ኩዌትላሾቺትል ይሉት ነበር፤ ከቀዩ ቅጠል ቀለም ያወጡበታል። አዎ፣ ቀዩ ቅጠል ነው። አበባው መሐል ላይ ያለችው ቢጫ ፍሬ የምትመስለው ናት።

ሳይንሳዊ ስሙ ኢዩፎርቢያ ፑልቼሪማ ነው። ፑልቼሪማ በላቲን «እጅግ ውብ» ማለት ነው። ኢዩፎርቢያ ደግሞ በጥንት ሰሜን አፍሪካ የነገሠው የዳግማዊ ጁባ ሐኪም የኢዩፎርቦስ ስም ነው። ቁልቋልና ቅንጭብም በዚሁ ስም ሥር ናቸው። እዚህ ጅማ አዳሚ የምንለው ቁልቋል የአበባሽ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ወተቱ ያን ያህል ገዳይ አይደለም፤ ግን ያሳክካል። እኔ አንዴ በባዶ እጄ ስቆርጥ ላቤን ልጠርግ ብዬ ዓይኔን ነካሁት። እንባዬ እየወረደ ቧንቧ ስር ተደፍቼ ቆየሁ። ጓንት አድርጊ። የአዳሚው ወተት ግን የዋዛ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ልጆች አይጠጉት።

ሌላ የገጠመኝ፦ የኔው አንድ ጎኑ ብቻ ቀልቶ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ምንም የለም። ለካ ችግሩ የበረንዳው አምፖል ነው! ይሄ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። የኛ አገር ሌሊት ደግሞ በታኅሣሥም የሚረዝመው በጥቂቱ ነው፤ ትንሽ መብራት ይበቃዋል ለማታለል። በሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ አምፖሉን አጠፋሁ፣ ሙሉው ቀላ።

ማባዛት ከፈለግሽ ሰኔ ላይ ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ቁረጪ። ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አሳድሪውና ትከይው። ከነሐሴ ወዲህ ግን መቀስ አታስነኪው፤ ለገና ባዶ አረንጓዴ ይዘሽ ትቀሪያለሽ።